ከቦሌ ጊደር መጋላ «አንድ ሰዓት» አይደለም

«ከአዲስ አበባ ሐረር በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው «አንድ ሰዓት» ይላችኋል። እኔ አልስማማም። ሐረር የመንገደኛ አውሮፕላን አያርፍም። የምንወርደው ድሬዳዋ፣ አባ ተና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት ነው። (ስልካችሁ «ሐረር ሜዳ» የሚል ኤርፖርት ቢያመጣላችሁ እንዳትሸወዱ፤ እሱ ቢሾፍቱ ያለው የአየር ኃይል ነው።)

እስቲ እናስላው። ካርታው ላይ ቦሌን ብትጫኑ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ ይላችኋል፤ የድሬው ኤርፖርት ደግሞ 9.62 እና 41.85። ልዩነቱ ወደ ሰሜን 0.64፣ ወደ ምሥራቅ 3.05 ዲግሪ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አንዱ ዲግሪ በሁለቱም አቅጣጫ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 70 በ336፤ የቀረውን የትምህርት ቤቱ ፓይታጎረስ ይጨርሰዋል፦ 343 ኪሎ ሜትር። በሰዓት 600 ለሚበር አውሮፕላን ይህ 35 ደቂቃ ነው። ትኬቱ አንድ ሰዓት ገደማ የሚለው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ እዚያ እስኪቆም ስለሚቆጥር ነው። ሻንጣችሁንና ደንገጎን ግን አይቆጥርም።

ይህ ስሌት የሚያመው ሰው ሲሞት ነው። ጀጎል ውስጥ ጀናዛ አይቆይም። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ይደውላል፦ «በ4 ሰዓቱ በረራ ነኝ፣ 5 ሰዓት እደርሳለሁ፣ ጠብቁኝ!» ቤተሰቡ አምኖ ከዙሁር በኋላ ይሰገድበታል ብሎ ይቀጥራል፣ አፎቻው ይሰበሰባል። ልጁ 5 ሰዓት ላይ የደረሰው ግን ድሬ ነው። ሻንጣ ይዞ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ 55 ኪሎ ሜትር ዳገት፤ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። ደንገጎ ላይ ጭነት መኪና ከፊት ከገባ በቃ፣ ከኋላው መጎተት ነው። ሐሮማያን አልፎ አወዳይ የጫት ገበያ ይጠብቀዋል። ጀጎል በር ላይ ደግሞ ከመኪና ወርዶ በእግር። ጊደር መጋላ ሲደርስ 7 ሰዓት ሆኗል፣ ዙሁርም አልፏል።

የሚጠብቅ ሰው የማረፊያ ሰዓት ምን ያደርግለታል? የቤት ሰዓት ንገሩት። «ለዙሁር አልደርስም፣ ለአስር ግን እደርሳለሁ» ከተባለ ቤተሰቡ አውቆ ይወስናል፤ ይጠብቃል ወይም ይቀብራል። ውጭ አገር ላላችሁማ አንድ ነገር ልጨምር፦ ትኬቱ ላይ 10:00 ካለ ለእናታችሁ «4 ሰዓት» ብላችሁ ንገሯት፤ «10 ሰዓት» ካላችኋት ከሰዓት በኋላ ነው የምትጠብቃችሁ።

የድሬው በረራ ሲሞላ «በጅግጅጋ እመጣለሁ» የሚልም አለ። ከቦሌ ጅግጅጋ በአየር 454 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ሰማይ ላይ የ10 ደቂቃ ጉዳይ ነው። መሬት ላይ ግን በባቢሌ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቃችኋል። ያም ሆኖ ለነገ ከመጠበቅ ይሻላል እላለሁ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቁልቢ ሰሞን ከሆነ ግን ስሌቱን እርሱት፤ የድሬውም የሐረሩም ተሳላሚ ደንገጎ ላይ ነው የሚገናኘው።