መስቀልና አረፋ በአንድ ደጅ



መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚወስዱት መንገዶች አገር ቤት በሚገቡ የጉራጌ ተወላጆች ይሞላሉ። ለአረፋ ደግሞ ተራው የሙስሊሞቹ ነው። የሁለቱም መድረሻ ብዙ ጊዜ አንድ መንደር፣ አንዳንዴም የአንድ ቤተ ዘመድ ግቢ ነው። ጎረቤት በተጠራበት ድግስ የእርሱን ድርሻ የሃይማኖቱ ሰው እንዲባርከው ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ድግስ ማለት ነው። ማንም ሃይማኖቱን አልሸሸገም፤ ማንም ከማዕዱ አልተለየም።

ይህ ኅብረት ከድግስ አልፎ ለልማትም በጅቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተወላጆቹ ማኅበር አቋቁመው ለአገራቸው መንገድ ገንዘብ ሲያዋጡ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተካፍለውበታል።

ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች እስልምና ከዘመናዊውና ሃይማኖትን ከመንግሥት ከለየው ሥርዓት ጋር ይስማማል ወይ የሚል ክርክር ይሰማል። ፈረንሳይ በ1996 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎልተው የሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችን በሕግ ከልክላለች። የእኛ ታሪክ ግን ሌላ ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖትነትን ሥፍራ ሰጥቶ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ሙስሊሞች ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ ጠየቁ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ጥያቄው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ላይ ሕግ ሆኖ ሰፈረ።

ይሁን እንጂ የመንደር ልማድ ሁሉም በሚተዋወቅበት ሥፍራ ይሠራል። ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎች በሚገናኙበት ዩኒቨርሲቲና ከተማ ግን ሕግ ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ትምህርት ቤቶች የተነሳው የሂጃብ ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት መድረሱ ለዚህ ምስክር ነው። ሕግ ሲላላ ምን እንደሚከተል ደግሞ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አሳይቶናል፤ በጎንደር በሙስሊሞች የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ሰዎች ተገደሉ፣ በቀናት ውስጥም ለቡታጅራ ቅርብ በሆነችው ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ።

እንግዲህ የሙስሊሟን ተማሪ የእምነት መብት የሚጠብቀው አንቀጽና በወራቤ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን የሚጠብቀው አንቀጽ አንድ ነው። በአንድ ሥፍራ ሲጣስ ዝም ያለ፣ በሌላው ሥፍራ ሲጣስ የሚጮህበት አንደበት አይኖረውም። ስለዚህ በደመራው ዙሪያ ስለ ሰላም ስንጸልይ፣ የጎረቤታችን አጥር የእኛም አጥር መሆኑን ለልጆቻችን እንንገራቸው።

መልካም በዓል!