ቅጠሉ ከተቆረጠ አረንጓዴነት ምን ይረባል?

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ስለ ደን መመናመን ክርክር በተነሣ ቁጥር የዛፍ እንቁራሪትን ለምስክርነት ይጠራሉ። «እርሷ እንኳ ቆዳዋን ከቦታው ጋር አስማምታ ትኖራለች፤ ፍጥረት ሁሉ ጊዜውን ይለምዳል» ይሉናል። እኛ ግን ይህ ምስክርነት ሐሰት ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ነገሩን እንመርምር። በዛፍ እንቁራሪት ቆዳ ውስጥ የቀለም ሕዋሳት በሦስት ድርብ ተደርድረዋል፤ ከላይ ቢጫው፣ ከመካከል ብርሃን መላሹ፣ ከታች ጥቁሩ። ከአንጎል ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣ ሆርሞን ጥቁሩን ቀለም ሲበትነው ቆዳው ይጠቁራል፤ ቀለሙ ሲሰበሰብ ይፈካል። የቀለሙም ወሰን ጠባብ ነው፤ ከአረንጓዴ ተነሥቶ ቡናማና ግራጫ ቢደርስ ነው። ይህ ጥበብ ከእባብና ከወፍ ዓይን ይሰውራታል፤ ከመጥረቢያ ግን አያድናትም። ቅጠልን ለመምሰል አስቀድሞ ቅጠል መኖር አለበትና! ጥላው ሲሄድ ቆዳዋ የሚሻው እርጥበትም አብሮ ይሄዳል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከሴቻ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ በጉጌ ተራሮች፣ ሌፕቶፔሊስ ሱሳኔ የተባለች የዛፍ እንቁራሪት ትኖራለች። ላርገን የተባሉ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቋት። ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም፤ ስሟም ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ጋር ተመዝግቧል። በዚያ ደጋ እስካሁን የተረፈ ደን ካለ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ቅዱስ ነው ብለው የከለሉት ይገኝበታል። እኛ የተማርን ነን ባዮች ግን የባዕድ አገር እንቁራሪት አካል ክፍል በቃላችን ስንወጣ፣ ይህችን በአማርኛም በጋሞኛም ምን ብለን እንደምንጠራት አናውቅም።

ከሴቻ በታች፣ ከተማይቱን ስም ያሰጧት ምንጮች በሚፈልቁበት ደንም ነገሩ ያው ነው። ሴቶች ጀርባቸው እስኪጎብጥ ማገዶ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። እነርሱን የሚወቅስ ቢኖር፣ አስቀድሞ የበላው እንጀራ በምን እንደተጋገረ ይጠይቅ!

ስለዚህ መምህራኖቻችንን ትምህርቱን ወደ ጉጌ እንዲያወጡልን፣ ባለሥልጣኖችን ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃና ሌላ መተዳደሪያ ለሸካሚዎቹ እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን። «ጊዜውን መስለህ ኑር» ለሚሉን ወንድሞችና እኅቶችም መልሳችን አጭር ነው፤ እንቁራሪት የምትሸሸገው መከራከሪያ አንደበት ስለሌላት ነው። የእኛስ ምክንያት ምንድን ነው?