የምንሰጠው ብር የት ይደርሳል? የማንገዛውስ ማንን ይጎዳል?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአካባቢው ከተሞች የምንኖር ሙስሊሞች ሁለት ዓይነት ጥሪ ለምደናል። አንዱ «አዋጡ» የሚለው ነው። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ለታመመ፣ ለተፈናቀለ ወይም በስደት መንገድ ላይ ለታገተ ወንድም መዋጮ ይሰበሰባል። ሌላው «አትግዙ» የሚለው ነው። ጋዛ ውስጥ ለሚፈጸመው ግፍ ድጋፍ ያደርጋሉ የተባሉ ኩባንያዎች ዝርዝር በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሁለቱም ጥሪዎች የሚመነጩት ለተበደለ ሰው ከመቆርቆር ነው፤ በትክክለኛ ኒያ ከተፈጸሙም አጅር አላቸው። ነገር ግን ጥሪውን ስንሰማ ብዙ ጊዜ የማንጠይቀው ነገር አለ። የሰጠነው ብር መጨረሻ ላይ ማን እጅ ይገባል? ሳንገዛ የተውነው ዕቃስ የሚጎዳው ማንን ነው?

የመስጠት ችግር የለብንም

ታህሳስ 10 ቀን 2012 በሞጣ ከተማ አራት መስጂዶች ሲቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች ሲወድሙ፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም ድጋፍ ጎርፏል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲቀጥፍ፣ ከሟቾቹ መካከል ቀድመው የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ይገኙበታል። ያኔም ሃይማኖትና ብሄር ሳይለይ ከየአቅጣጫው እርዳታ ተሰባስቧል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል በተግባር ሲፈጸም አይተናል።

በእነዚህ አደጋዎች ጊዜ ተጎጂው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለና ምን እንደሚያስፈልገው ይታወቅ ነበር። የኛ አካባቢ ትልቁ መከራ ግን እንዲህ አይደለም። በየዓመቱ ይመለሳል፤ መዋጮውም በየዓመቱ ይቀጥላል።

የደቡቡ መንገድ

ሀዲያና ከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚደረገው ስደት ከሚታወቁ አካባቢዎች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው። በሆሳዕና ከተማ ከሚታዩት ፎቆች ብዙዎቹ ከዚያ በመጣ ብር የተሠሩ ናቸው። ይህን መካድ አይቻልም። የተሳካለት ልጅ ቤተሰቡን አውጥቷል፣ ወንድሞቹን አስተምሯል። በዚያው መንገድ የቀሩትን ግን ፎቁ አይነግረንም። መጋቢት 15 ቀን 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች አስከሬን ተገኝቷል፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የታመነ ሲሆን በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ታህሳስ 2 ቀን 2015 በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ዳርቻ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ የ27 ሰዎች አስከሬን ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኝቷል። በታንዛኒያና በሌሎች አገራት እስር ቤቶች የከረሙት ወጣቶችም ብዙ ናቸው።

አካሄዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤተሰብ በሬና መሬት ይሸጣል ወይም ይበደራል፤ ደላላው ይከፈለዋል፤ ልጁ በሞያሌ በኩል ይወጣል። ከሳምንታት በኋላ ስልክ ይደወላል። ልጁ ተይዟል፤ ይህን ያህል ብር ካልተላከ አይለቀቅም። እናት ወደ ዘመድ፣ ወደ እድርና ወደ መስጂድ ትሮጣለች፤ ጀመዓውም ያዋጣል።

እዚህ ላይ «አትስጡ» ማለት አንችልም። በአጋቾች እጅ ያለ ነፍስ ነው። ሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ክፍሎች ሲዘረዝር፣ በባርነት ያሉትን ነፃ ማውጣት፣ ዕዳ የከበዳቸውና መንገደኛ ከነዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ምርኮኛን ማስለቀቅን ከመጀመሪያው ክፍል የሚያስገቡ ዑለማዎች አሉ። ለታጋች ልጅ ዘካ ይሰጣል ወይስ ሰደቃ የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። ነገር ግን አንድ እውነት መናገር አለብን፦ ያዋጣነው ብር የሚገባው ስደተኛው ኪስ አይደለም። አጋቹ ዛሬ ከተከፈለው ነገ የሚይዘው ሌላ ልጅ ነው፤ የሚጠይቀውም ከፍ አድርጎ ነው። እኛ የምናስለቅቀው አንዱን ሲሆን ገበያው ግን እየሰፋ ይሄዳል።

ስለዚህ ጥያቄው ከመታገቱ በፊት ምን ሰጠን የሚለው ነው። ለማስለቀቂያ ከምናዋጣው እኩል ያህል ልጁ ከመሄዱ በፊት ብናዋጣ፣ ለሞተር ብስክሌት፣ ለልብስ ስፌት ማሽን፣ ለከብት ማድለቢያ ወይም ለሱቅ መነሻ የሚሆን ቀርድ ሀሰን (ያለ ወለድ ብድር) ማቋቋም ይቻላል። ከመንገድ ተመልሶ ዕዳ ላይ የተቀመጠው ወጣት ደግሞ ከስምንቱ ክፍሎች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳው ካልተነሳለት ዳግም የሚሄደው ወደዚያው ደላላ ነው። በጆሃንስበርግ ነግደው የተሳካላቸው ወንድሞቻችንም መንገዱን ከማንም በላይ ያውቁታልና፣ ዘካቸውን ለዚህ ቢልኩ ከየትኛውም ስብከት በላይ ይሰማሉ።

ተዓቅቦ ሲባል

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥሪ እንምጣ። አለመግዛት በኢስላም ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። የየማማው መሪ ሱማማ ኢብን ኡሳል (ረ.ዐ) ከሰለሙ በኋላ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ካልፈቀዱ በቀር ከየማማ አንዲት የስንዴ ፍሬ ወደ መካ እንደማትገባ ለቁረይሾች ነገሯቸው። መካ ተራበች። ቁረይሾች ዝምድናን ጠቅሰው ሲለምኑ ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እህሉ እንዲለቀቅላቸው ላኩ። ያን ጊዜ ቁረይሾች ገና ጠላት ነበሩ። ይህን ያደረጉት ደግሞ እርሳቸውና ቤተሰባቸው በዚያው በቁረይሾች ተዓቅቦ በሸለቆ ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ተርበው ሳለ ነው። ያንን ተዓቅቦ ያፈረሱት፣ በሌሊት እህል በግመል ጭነው የላኩትም ገና ያልሰለሙ የመካ ሰዎች እንደነበሩ መዘንጋት የለብንም። ከሁለቱ ታሪኮች የምንማረው ተዓቅቦ በበዳዩ ላይ የሚነሳ መሣሪያ እንጂ ሕፃንና ደካማን የሚያስርብ በቀል እንዳልሆነ ነው።

በዘመናችንም የሠራው ተዓቅቦ ዒላማውን የለየ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በፍልስጤም ሲቪል ማህበራት የተጀመረው የተዓቅቦ ንቅናቄ ራሱ ረጅም ዝርዝር ከመበተን ይልቅ ተሳትፏቸው በግልጽ በሚታይ ጥቂት ኩባንያዎች ላይ ማተኮርን ይመክራል። በእየሩሳሌም የቀላል ባቡር ሥራ የነበረው የፈረንሳዩ ቬኦሊያ ለዓመታት ከዘለቀ ዘመቻ በኋላ በ2015 እ.ኤ.አ. ከእስራኤል ሥራው ወጥቷል። ማክዶናልድስም በ2024 እ.ኤ.አ. በሙስሊም አገራት ሽያጩ እንደተጎዳ በኃላፊዎቹ አንደበት አምኗል።

ሆሳዕና ግን ማክዶናልድስ የለም። እዚህ ያለው የሰፈር ባለሱቅ ነው፤ ለስላሳውን በሳጥን የገዛው በራሱ ወይም በተበደረው ብር ነው። አንድን ምርት ላለመግዛት ከወሰንን ማጣራቱ የኛ ግዴታ ነው፤ ማስረጃ የሌለው ዝርዝር ማስተላለፍ በሰው ሪዝቅ ላይ ሐሰት መናገር ነው። ለባለሱቁም አስቀድሞ መንገርና ያለውን ሸጦ ሌላ ምርት እንዲያስገባ ጊዜ መስጠት ይገባል።

ከሁሉ በላይ፣ ተዓቅቦ ከኩባንያ ወርዶ ወደ ጎረቤት እምነት እንዳይዞር መጠንቀቅ አለብን። በዞኖቻችን አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው። ገበያችን፣ እድራችንና ለቅሷችን አንድ ነው። «ከእገሌ ሱቅ አትግዙ» የሚለው ቃል በሰውየው ሃይማኖት ምክንያት ከተባለ ለጋዛ የሚጠቅመው አንዳች የለም፤ የሚያፈርሰው ግን የራሳችንን ቤት ነው።

ተዓቅቦ የሚገባው ቅርብ ሰው

ሀዲያና ከምባታ ተዓቅቦን ከውጭ መማር አያስፈልጋቸውም። በሴራ ሥርዓታችን ከባዱ ቅጣት ማግለል ነው፤ ሴራ የጣሰ ሰው ካሳውን ከፍሎ እስኪታረቅ ድረስ ከማህበራዊ ኑሮ ይገለላል። ታዲያ ልጆቻችንን ለኮንቴይነር የሚሸጠው ደላላ ለምን በሠርጋችን የክብር ቦታ ይቀመጣል? ለመስጂድ ግንባታ ብር ሲሰጥ ለምን ስሙ በድምፅ ማጉያ ይነበባል? አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን የሚነግዱትንና ድንበር የሚያሻግሩትን ይቀጣል፤ ነገር ግን ምስክር የሚሆነው ማህበረሰቡ ነው። ቤተሰብ አፉን ከዘጋ፣ ጀመዓው ብሩን ከተቀበለ ሕግ ብቻውን የትም አይደርስም። ስም ማጥፋት ሐራም ነውና በወሬ ማንንም አናግልል፤ የተረጋገጠበትን ግን ሽማግሌዎች፣ ኢማሞችና የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአንድ ላይ «ብርህን አንቀበልም» ሊሉት ይገባል።

የየመስጂዱ ኮሚቴ ሦስት ነገሮችን ቢጀምር ትልቅ ለውጥ ይሆናል። የሰበሰበውንና ያወጣውን ብር በየወሩ ለጀመዓው በግልጽ ያሳውቅ። ከሚገባው ዘካና ሰደቃ የተወሰነውን ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ለሥራ መነሻ ይመድብ። «አትግዙ» የሚል መልእክት ሲመጣም አጣርቶ ጥቂቱንና እርግጠኛውን ብቻ ይንገረን። ብር አማና ነው፤ የሰጠነውም ያልሰጠነውም ይጠየቅበታል።

አላህ (ሱ.ወ) በየመንገዱ ያሉ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ በጋዛና በየትኛውም ስፍራ ለተበደሉት ፈረጃውን ያምጣላቸው። ኣሚን።