ፓኬጁን ከማሳደግዎ በፊት ፒንጉን ይለኩ

ልጅዎ በኮምፒዩተር ጌም በተሸነፈ ቁጥር «ኢንተርኔቱ ነው! ከፍ ያለ ፓኬጅ ይግባልን» ይላል? ብር ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። ብዙ ሜጋቢት ጌሙን ቶሎ ለማውረድ ይጠቅማል፤ ለመጫወት ግን ጥቂቱ ይበቃል። ወሳኙ ፒንግ ነው፤ ማለትም ትእዛዙ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ። የሚለካው በሚሊሰከንድ ሲሆን ባነሰና ባልዋዠቀ መጠን ጥሩ ነው።

የታወቁት ጌሞች ሰርቨሮች በአብዛኛው ውጭ አገር ናቸው፤ ለምሳሌ ዶታ 2 ዱባይ ላይ አለው። የባሕሩን ርቀት ማሳጠር አይችሉም፤ የሳሎኑን ግን ይችላሉ።

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል ያገናኙና ፒንጉን በዋይፋይ ካገኙት ጋር ያነጻጽሩ። በኬብል ከተስተካከለ ጥፋቱ የፓኬጁ ሳይሆን የግድግዳው ነው፤ ጥቂት ሜትር ኬብል ይበቃዎታል። ቀጥሎ ሌላው የቤተሰብ አባል ቪዲዮ ሲያይና ሲያቆም ይለኩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የጨዋታ ሰዓት ይመድቡ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ መስመሩን ይመርምሩ። አዳማም ይኑሩ ሶደሬ፣ መደበኛ ብሮድባንድ ሲጠይቁ «ፋይበሩ ቤቴ ድረስ ይገባል?» ብለው ያረጋግጡ። ካልገባ የ4ጂ ራውተር አማራጭ ነው። ነገር ግን አንዱን የኔትወርክ ማማ ብዙ ስልክ ይጋራዋል። ስለዚህ ሶደሬ ላይ ከመግዛትዎ በፊት በዚያው ሲም ካርድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፍል ውሃው በእንግዳ ሲሞላ ይሞክሩት። ያን ቀን ከተረጋጋ ሰኞም አያሳፍርዎትም።