«ሲስተም የለም» ሲባል ምኑ ነው የሌለው?

ሰፈራቸው ፈርሶ ከፒያሳ ገላን ጉራ የገቡ እናት፣ የቀረቻቸውን አንዲት ወረቀት ለመጨረስ ታክሲ እየቀያየሩ ወደ አራዳ ይመለሳሉ። ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ ከመስኮቱ የሚሰሙት «ሲስተም የለም» ነው። መቼ ይመጣል? «ነገ ይሞክሩ እማማ።» ትናንትም የተባሉት ይህንኑ ነው።

መልሱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ክፋቱ ምንም አለመናገሩ ነው፤ ሐኪም በሽተኛውን «ታመዋል» ብሎ እንደመሸኘት።

ኮምፒውተሩ ከሰርቨሩ ጋር ለምን እንዳልተገናኘ ለመለየት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የጎረቤቱን መስኮት ነው፤ እዚህም እንደዚያው። አጠገቡ ያለው ኮምፒውተር ከሠራ ችግሩ እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነው፤ መጥረጊያ የነካው ኬብል ሊሆን ይችላል። ቢሮው በሙሉ ከቆመ ስዊቹ ይታያል። ሌላውም ወረዳ ከቆመ ወደ ማዕከል ይደወላል።

ኬብሉ የተሰካበት ቦታ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ጠፍታ ከሆነ ስለ ሰርቨር ማውራት ከንቱ ነው። በርታ ከሆነ የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ ይታይ፤ በ169.254 ከጀመረ ማሽኑ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ አውጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ፒንግ፦ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ሰርቨሩን። ራውተሩ መልሶ ሰርቨሩ ዝም ካለ መንገድ ላይ የተቆረጠ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ሲቆፈር በከረመ ሰፈር ይህ አያስገርምም። (ፋየርዎል ፒንግን ሊከለክል ስለሚችል ዝምታው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።) በቁጥር ሲጠሩት አቤት ብሎ በስሙ ሲጠሩት ካልሰማ ጣጣው የዲኤንኤስ ነው። ፒንጉ እየመለሰ ፕሮግራሙ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ መስመሩ ደህና ነው፤ ሰርቨሩ ላይ አገልግሎቱ ቆሟል ወይም ፖርቱ ተዘግቷል። ያኔ ቴሌን ማማት ነውር ነው።

ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ለባለጉዳይ ግን ልዩነቱ የአንድ ቀን ነው፤ ኬብል ከሆነ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ፣ ማዕከሉ ከሆነ ታክሲ ሳይመሽ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ መውቀስ ቀላል ነው። የስዊቹ ሳጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ ብዙ ቢሮ በሚያዳርስ አንድ የአይቲ ባለሙያ ኪስ ከሆነ እሷ ምን ታድርግ? ተጠያቂው ኃላፊው ነው። ሲስተም በቆመ ቁጥር ምኑ እንደቆመ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነና ለማን እንደተነገረ በእጅ ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፍ። የተሰለፉትንም ስም በወረቀት መዝግቦ በማግስቱ በዚያው ተራ ያስተናግዳቸው።