ዎርድ አልከፈት ሲል

የዕድር ቃለ ጉባኤ፣ ለኢሚግሬሽን የሚላክ ማብራሪያ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የልጆች የቤት ሥራ፤ ይህ ሁሉ ዛሬ የሚጻፈው በቤት ኮምፒዩተር ነው። ታዲያ ማመልከቻው ነገ መድረስ ሲኖርበት ዛሬ ማታ ዎርድ ወይም ኤክሴል አልከፈት ያለ እንደሆነ ቤቱ ይታወካል። የፕሮግራሙን ምልክት ሁለቴ ይጫኑታል፤ ትንሿ ክብ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ ትጠፋለች፤ ሌላ ምንም የለም። በዚህች ሰዓት ሰው ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንዱ «ጽሑፌ ጠፋ» ብሎ ያገኘውን ሁሉ መነካካት ሲሆን፣ ሁለተኛውና የከፋው ስክሪኑ ላይ ብቅ ወዳለ ስልክ ቁጥር መደወል ነው።

ፕሮግራሙና ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዎርድ መጻፊያው ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ፋይል ሆኖ ለብቻው ተቀምጧል። ብዕር ቢደርቅ ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ አይጠፋም። ዎርድ ቢጠገን፣ ጨርሶ ተነቅሎ እንደገና ቢጫን እንኳ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠው ደብዳቤ በቦታው ይገኛል። ቢሆንም ምንም ነገር ከመሞከሩ በፊት ዋና ዋናዎቹን ፋይሎች በፍላሽ ዲስክ መገልበጥ ብልህነት ነው።

ቀጥሎ እምቢ ያለው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ዎርድን ከስታርት ዝርዝር ውስጥ ባዶውን ከፍቶ ማየት ነው። ባዶው ተከፍቶ አንዱ ደብዳቤ ብቻ ካስቸገረ ጥፋቱ የፋይሉ ነው። በኢሜይል የመጣና ላኪው በደንብ የሚታወቅ ከሆነ፣ ፋይሉን በቀኝ ማውስ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ ውስጥ መግባትና ከታች «አንብሎክ» የሚል ካለ እሱ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃ ይሆናል። ለተበላሸ ፋይልም ዎርድ የራሱ መጠገኛ አለው። ፋይል፣ ኦፕን፣ ብራውዝ ተብሎ ፋይሉ ከተመረጠ በኋላ፣ ኦፕን ከሚለው ቁልፍ ጎን ያለችው ትንሽ ቀስት ስትጫን «ኦፕን ኤንድ ሪፔር» የሚል ምርጫ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህችን ቀስት ልብ ብሎ አይቷት አያውቅም።

ፋይሉ ተከፍቶ አማርኛው የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ሆኖ ቢታይ ግን ተበላሸ ማለት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የዱሮዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለነበረ፣ ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ ኮምፒዩተሩ ከሥር ያለውን ላቲን ያወጣል። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ቪስታ ነው። መድኃኒቱ የዱሮውን ፎንት ፈልጎ መጫን ነው። «ተበላሽቷል» ተብሎ ስንት የዕድር መተዳደሪያ ደንብ በከንቱ ተጥሎ ይሆን?

ባዶው ዎርድ ራሱ ካልተነሣ ኮምፒዩተሩን ሪስታርት ማድረግ ይቅደም። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ዎርድ ከጀርባ ሳይታይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ እንደገና እንዳይከፈት የሚከለክልበት ጊዜ ብዙ ነው። የላፕቶፑን ክዳን መዝጋት ግን ሪስታርት አይባልም። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነም ይታይ፤ ልጆች የጫኑት ጌም ቦታውን ጨርሶት ሊሆን ይችላል።

ይህ ካልረዳ ሴፍ ሞድ አለ። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ እንደያዙ የዎርድን ምልክት መክፈትና፣ በሴፍ ሞድ ይከፈት ወይ ብሎ ሲጠይቅ «የስ» ማለት ነው። በዚህ መንገድ ዎርድ ትርፍ ጭነቱን አራግፎ ይነሣል። ከተከፈተ ዎርድ ጤነኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያሰናክለው አድ-ኢን የሚባል ከላዩ የተለጠፈ ተቀጥላ ፕሮግራም ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ-ኢንስ ብሎ ገብቶ፣ ከታች «ኮም አድ-ኢንስ» የሚለውን መርጦ «ጎ» መጫንና የተደረጉትን ምልክቶች ማንሣት፤ ከዚያ ዎርድን ዘግቶ እንደወትሮው መክፈት። ተቀጥላዎቹን አንድ በአንድ እየመለሱ ጥፋተኛውን መያዝ ይቻላል። ኤክሴልም የሚታከመው እንዲሁ ነው።

በሴፍ ሞድም እምቢ ካለ የቀረው ጥገና ነው። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ ተብሎ ከዝርዝሩ ኦፊስ ይፈለግና «ሞዲፋይ» ይጫናል። ሁለት ምርጫ ይቀርባል። «ክዊክ ሪፔር» ኢንተርኔት ሳይፈልግ ቶሎ ያልቃል። «ኦንላይን ሪፔር» ግን ፕሮግራሙን ከነጭራሹ እንደገና ስለሚጭን ጊዜ ይወስዳል፤ ጠለቅ ያለውን ብልሽት የሚያነሣው እሱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ብልሽት ሳይሆን የኪራይ ጉዳይ ነው። ዎርድ ይከፈታል፣ ያስነብባል፣ ያትማል፤ መጻፍ ግን ይከለክላል። ፈቃዱ አልቋል ማለት ነው። ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር ለሙከራ የመጣ፣ ወይም ኮሌጅ ለተማሪው የሰጠው ሊሆን ይችላል። ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ ኮሌጁ አካውንቱን ይዘጋል። እዚህ ላይ ከፕሮግራሙ ይልቅ የሚያሳስበው በዚያ አካውንት ዋንድራይቭ ላይ የተቀመጠው ጽሑፍ ነው፤ ከአካውንቱ ጋር አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል ከመውጣት በፊት ወደ ራስ ኮምፒዩተር መገልበጥ አለበት። የአሠሪ መሥሪያ ቤት በሰጠው አካውንትም ያው ነው።

ኦፊስ 2016፣ ኦፊስ 2019 እና ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፋቸው ያበቃው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ይህ የደኅንነት ማሻሻያ እንደወትሮው አይመጣላቸውም ማለት እንጂ መከፈት ያቆማሉ ማለት አይደለም። አጭበርባሪዎች ግን በዚህ ዓይነቱ ወሬ ይነግዳሉ። ስክሪኑን ሞልቶ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ «ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» ይላል። ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያዎቹ ላይ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም፤ ሳይጠየቅም ወደ ሰው ቤት አይደውልም። ቁጥሩን ለደወለ ሰው በትሕትና የሚያነጋግር «ባለሙያ» ይቀርብና ኮምፒዩተሩን ከሩቅ የሚያንቀሳቅስበት ፕሮግራም ያስጭናል። ከዚያ የባንክ አካውንት ማየት፣ በመጨረሻም በጊፍት ካርድ ክፈሉ ማለት ይከተላል። ኤፍ ቲ ሲ የሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው ሲል ያስጠነቅቃል። ልጆች ሥራ በዋሉበት ሰዓት ብቻቸውን ቤት ለሚውሉ እናቶችና አባቶች ይህ አስቀድሞ በአማርኛ ሊነገራቸው ይገባል። እጅ ከተሰጠም በኋላ ቢሆን አይረፍድም፤ ኢንተርኔቱን መንቀል፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ለባንኩ መደወል፣ የይለፍ ቃሎችን ከሌላ መሣሪያ መለወጥ ይቻላል።

ጥገናው እስኪያልቅ የነገው ማመልከቻ ላይጠብቅ ይችላል። ማይክሮሶፍት አካውንት ያለው ሰው በኢንተርኔት ላይ ያለውን ዎርድ ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል። ከ2010 ጀምሮ በነጻ የሚታደለው ሊብሬ ኦፊስም የዎርድንና የኤክሴልን ፋይሎች ይከፍታል። ይሁንና አንዳንዴ ሰንጠረዡንና የገጹን አቀማመጥ ያዛንፋልና፣ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ገጽ በገጽ ታይቶ በፒ ዲ ኤፍ ይቀመጥ።