ሰባራ ሳንቲምና እንቅፋት

የውጭ አገር ቋንቋ መማር የዕውቀትን በር መክፈት ነውና ማንም አይነቅፈውም። እኛን የሚያሳስበን የእንግሊዝኛውን ፈሊጥ ቃል በቃል ገልብጦ ለገበሬው የማቅረብ ልማድ ነው።

እስቲ አንድ ወጣት የእርሻ ባለሙያ ከሚዛን ተፈሪ ወይም ከቴፒ ወጣ ብሎ ቡና አምራቾችን ሰብስቦ ሲያስተምር እናስብ። ያልቀላውን ቡና ከቀላው ጋር መልቀም ጉዳት እንዳለው ሊያስረዳ ፈልጎ «በፔኒ ብልኅ፣ በፓውንድ ሞኝ አትሁኑ» ይላል። እስከ 1963 ዓ.ም. ድረስ 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ይሆን ስለ ነበር፣ እንግሊዛዊ ቢሰማው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አማርኛን ከቤንችኛ ወይም ከሸክኛ ቀጥሎ የተማረው ሽማግሌ ግን ፓውንዱ የሚዛን ስም ቢመስለው አይፈረድበትም። ባለሙያው ደግሞ «አሁን ገባችሁ» ለማለት «ሳንቲሙ ወደቀ» ቢል፣ ተሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ መሬት መሬቱን ያያል። አነጋገሩ የመጣው ሳንቲም ሲጎርሱ ከሚሠሩ መኪናዎች መሆኑን ማን ነገረውና!

ነገሩ ያስቃል፤ ጉዳቱ ግን አያስቅም። ቀይ ፍሬ ብቻ የሚለቅም ሰው ወደ አንዱ ዛፍ ሁለት ሦስት ጊዜ መመለስ አለበት። ይህን ድካም የሚቀበለው ምክንያቱ ሲገባው ነው። ሳይገባው ከተበተነ ጥሬውን ከብስሉ ያደባልቃል፤ የቡናው ጣዕምም ዋጋም ይወድቃል።

ቋንቋችን ድኻ አይደለም። ገንዘብ ያጣ ሰው «ሰባራ ሳንቲም የለኝም»፣ «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ይላል። ቤሳ የተባለችው ትንሽ ገንዘብ ከገበያ ከጠፋች ብዙ ዘመን ቢሆናትም፣ በአነጋገራችን ውስጥ እስከ ዛሬ ትመነዘራለች። ለመሰናክልም እንቅፋትና ጋሬጣ አሉን፤ በቡና ጫካ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ሳይተረጐምለት ያውቃቸዋል። «የዛሬዋን ሳንቲም ስታሳድዱ የነገው ብር እንዳያመልጣችሁ» ማለት ምን ይከብዳል? ከዚህም የሚሻለው ሽማግሌውን «አባባ፣ እናንተ በቋንቋችሁ ይህን እንዴት ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በጥንቱ የካፋ ገበያ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። አባቶቻችንም «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ብለዋል። የተማረ ሰው ቃልም እንደዚሁ ነው፤ ለሰሚው ካልጣፈጠ መንገድ ላይ ተጥሎ እንቅፋት ይሆናል።